ቢጫ ካርድ የያዘ ወንድሜን ኢትዮጵያ አሳልፋ ትሰጠዋለች?

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ አሜሪካ ብዙ ዓመት ኖሮ አምና ጠቅልሎ መጣ። አሁን ስታዲየም አካባቢ አብረን ነው የምንኖረው። የአሜሪካ ዜግነት የወሰደው በ2011 ነው፤ እዚህ ያለው በቢጫ ካርድ ነው። ሰሞኑን እዚያ በገንዘብ ማጭበርበር መከሰሱን ሰማን። ነገሩ ተፈጸመ የተባለው በ2014 ነው። እሱ «እኔ ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ አገሬ አሳልፋ አትሰጠኝም፣ ደግሞስ ከአሜሪካ ጋር ምን ስምምነት አለ?» እያለ ዘና ብሏል። እናታችን ግን እንቅልፍ አጥታለች። ቁርጡን ንገሩን።

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምሽ የያዘው ሕግ እውነተኛ ሕግ ነው። ችግሩ እሱን የሚመለከተው አይመስለኝም።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 21 ኢትዮጵያዊ ለውጭ አገር ተላልፎ አይሰጥም ይላል። ሁለት ጊዜዎችን ያያል። ወንጀሉ ሲፈጸም ሰውየው ኢትዮጵያዊ ነበር ወይ? ይሰጠን የሚለው ጥያቄ ሲቀርብስ? በአንዱ ጊዜ እንኳ ኢትዮጵያዊ ከሆነ አይሰጥም። ስለዚህ ክሱ ከ2011 በፊት ስለሆነ ነገር ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ የአሜሪካ ፓስፖርት ቢይዝም ይህ አንቀጽ ይሸፍነው ነበር። ክሱ ግን የ2014 ነው። የዜግነት አዋጁ (378/1996) ደግሞ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደን ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። ጥምር ዜግነት እኛ ጋ የለም።

ቢጫ ካርዱስ? ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ያሠራል፣ ብዙ ደጅ ይከፍታል። ግን የሚሰጠው ለትውልደ ኢትዮጵያዊ የውጭ ዜጋ ነው። እዚሁ ተወልዶ ላደገ ልጅ «የውጭ ዜጋ» መባል እንደሚያም አውቃለሁ፤ ለእናታችሁ ደግሞ ይብሳል። አንቀጽ 21 ግን ዜግነትን እንጂ ትውልድን አያይም።

ስምምነት የለም ያለው ትክክል ነው፣ ኢትዮጵያና አሜሪካ ተፈላጊ የመሰጣጣት ስምምነት የላቸውም። በዚህ ግን አይተማመን። ሕጋችን የውጭ ዜጋን በስምምነት ብቻ ሳይሆን በዓለም አቀፍ ልማድም አሳልፎ መስጠት ይቻላል ይላል። በዚያ ላይ የውጭ ዜጋን ከአገር የማስወጣት ሥልጣን አለ። ያ ሌላ መንገድ ነው።

የራስን ሰው ያለመስጠት ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። ብራዚል ተወላጅ ዜጋዋን አትሰጥም። ጀርመንም በሕገ መንግሥቷ ከልክላለች፣ ከ2000 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ግን ለአውሮፓ ኅብረት አገሮችና ለዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በሩን ከፍታለች። እንግሊዝና አሜሪካ ግን የራሳቸውንም ይሰጣሉ። የኒሳን አለቃ የነበረው ካርሎስ ጎን በ2019 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ከጃፓን አምልጦ ሊባኖስ ገባ። ሰውየው የፈረንሳይና የብራዚል ዜግነትም አለው፤ ሊባኖስ ግን እንደ ልጇ ቆጥራ አልሰጠችውም። ወንድምሽ ይህን ሰምቶ ከሆነ ልዩነቱን ያስተውል፤ ሊባኖስ ጥምር ዜግነት ትቀበላለች። ደግሞም ጎን ነፃ ሰው አልሆነም። ኢንተርፖል ላይ ስሙ ወጣ፣ የሊባኖስ አቃቤ ሕግም ከአገር እንዳይወጣ አገደው።

«አሜሪካዊነቱን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን ቢያስመልስስ?» ትይኝ ይሆናል። አዋጁ ይህን ይፈቅዳል፤ ኑሮውን እዚህ አድርጎ፣ የውጭ ዜግነቱን ትቶ ካመለከተ ማለት ነው። ጥያቄው ከመምጣቱ በፊት ካለቀለት አንቀጽ 21 ይሸፍነዋል። ግን ያው አንቀጽ አይሰጥም ብሎ አያቆምም፣ እዚሁ በኢትዮጵያ ሕግ ይዳኛል ይላል። እኔ በበኩሌ ይህ ክፍል ባይኖር ሕጉን አልደግፈውም ነበር፤ የተጭበረበረም ሰው አለና።

አሁን አንድ ነገር አድርጉ። በወንጀል ጉዳይ የሚሠራ ጠበቃ ፈልጉ፤ ልደታ ፍርድ ቤት ዙሪያ ማመልከቻ የሚጽፍላችሁ ሰው ለዚህ አይበቃም። ስትሄዱ የዜግነት ወረቀቱንና የክሱን ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። ጠበቃው መጀመሪያ ቀኖቹን ያመሳክር፤ ክሱ የ2014 ብቻ ነው ወይስ ከ2011 በፊት የተጀመረ ነገርም አለበት? ይህ ሳይጣራ ወንድምሽ ለሥራም ቢሆን ከአገር አይውጣ፤ የሌላ አገር ኤርፖርት ላይ ቢያዝ የእኛ አንቀጽ 21 እዚያ አያድነውም።