ስብሰባውን ክሊኒክ ውስጥ እንዳታደርጊው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት። ጅማ ላይ ስኳር ያለባቸውን አዋቂዎች ሰብስበሽ «ስለ በሽታችሁ ቀድሞ ምን ይጠና?» ልትያቸው አስበሻል፤ ከየት ልጀምር ነው ያልሽው። እኔ ራሴ ከስኳር ጋር 11 ዓመቴ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት እንደዚሁ ዓይነት ሥራ ላይ «የታማሚዎች ወኪል» ተብዬ ገብቼ ነበር። ስለ ፕሮፖዛሉ አማካሪሽ ይንገርሽ፣ እኔ የተቃጠልኩበትን ልንገርሽ።

1. ስብሰባውን ክትትል ክሊኒክ ውስጥ፣ በቀጠሮ ቀን እንዳታደርጊው። እኛ አደረግነው። ሰው አንድ ቦታ ይገኛል፣ የትራንስፖርት ወጪም ይቀንሳል ብለን። (ሐሳቡ የኔ ነበር፣ አልክድም።) ጠዋት 2 ሰዓት ብለን ጠራን። ታዲያ ስኳር ታማሚ ጠዋት ክሊኒክ ና ሲባል ምን ያስባል? ደም ልሰጥ ነው ብሎ ባዶ ሆዱን ይመጣል። ግማሹ ከሰቃና ከዴዶ ሌሊት ተነስቶ የመጣ ነው። ስብሰባው ደግሞ እንደ ልማዳችን 3 ሰዓት ተኩልም ሆኖ አልተጀመረም፣ መክፈቻ ንግግር የሚያደርጉት ሰውዬ እየተጠበቁ።

አንድ አባት ኢንሱሊናቸውን ቤት ተወግተው፣ ቁርስ ሳይቀምሱ ነው የመጡት። ወንበር ላይ እንዳሉ ላብ አጠመቃቸው፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ስማቸው ሲጠራ ዝም። ስኳራቸው ወርዷል። እኔ በራሴ ስለማውቀው ነቃሁ እንጂ ጎናቸው ያለው ሰው እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎት ነበር። የሚያስቀው ምን መሰለሽ፣ ለስኳር ታማሚ ስብሰባ ያዘዝነው ሻይ ከነስኳሩ በፔርሙዝ መጥቶ ጠዋት ሙሉ ስናፍርበት ነው የዋልነው። ያተረፋቸው እሱ ሻይ ነው። ሁለት ብርጭቆ ጠጥተው ትንሽ ከቆዩ በኋላ «ምን ሆኜ ነው የከበባችሁኝ?» አሉን።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። የሚያክሟቸው ሐኪሞች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። መድኃኒት የሚጽፍልሽ ሰው እያየሽ «የምትነግሩኝ አይገባኝም» ትያለሽ? አንዱ «ተመስገን» ሌላው «አልሐምዱሊላህ»፣ ሁሉ ደህና ሆነ።

ከዚያ ደግሞ ዝርዝር ይዘን ነው የሄድነው። እንግሊዝ አገር ጄምስ ሊንድ አሊያንስ የሚባል አለ፤ በፈረንጅ ከ2004 ጀምሮ ታማሚን፣ አስታማሚንና ሐኪምን አንድ ላይ አስቀምጦ ምን ይጠና የሚለውን ያስለያል። በ2017 ለዓይነት ሁለት ስኳር 10 ጥያቄ ወጣ፤ አንደኛው በሽታው ሊድን ወይም ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል ወይ የሚል ነው። እኛ ያንን ዝርዝር ተርጉመን ምልክት አድርጉ አልናቸው። ዝርዝሩን ወስደን ዘዴውን ተውነው። እነሱ እኮ መጀመሪያ ሰዉን ራሱን ነው የጠየቁት፣ ከዚያ ተመሳሳዩን አንድ ላይ ሰብስበው፣ መልስ ያለውን አውጥተው፣ ደረጃ የሰጡት መጨረሻ ላይ ተከራክረው ነው። የኛ ሰዎች አሥሩም ላይ ራይት አድርገው መለሱልን። ከ40 ወረቀት 38ቱ እንደዚያ ነው። ቀኑም ብሩም ተቃጠለ።

2. ደብዳቤ። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ከፈቀደልሽ በኋላም የትብብር ደብዳቤ ትጠየቂያለሽ። አንድ ቢሮ፣ ስሙን አልጠራም፣ አምስት ጊዜ አመላልሶኛል። አንዴ ማህተሙ ስሙ ላይ አላረፈም ተብዬ ነው የተመለስኩት። በአራተኛው ቀን ሰውዬው ወረቀቱን አገላብጦ «ስኳር ታማሚ ስለ ምርምር ምን ያውቃል?» አለኝ። ታማሚ መሆኔን አያውቅም። ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ሌሊት ሌሊት መልሱ ይመጣልኛል። 11 ዓመት ሙሉ ጣቴን እየወጋሁ፣ ቁጥር እየጻፍኩ፣ ትናንት ምን በልቼ ነው ዛሬ ከፍ ያለው እያልኩ የኖርኩት ምርምር ካልሆነ ምን ይባላል?

3. ቦታ። ሁለተኛውን ዙር ሕርማታ አካባቢ አንድ ዕድር ቤት አደረግነው። ከሰዓት 8 ሰዓት፣ ሰው ምሳውን በልቶ። ሐኪም የለም፣ ወረቀት የለም። በስድስት በስድስት ተቀመጡ፣ አንዱ ጠረጴዛ በአማርኛ፣ ሁለቱ በአፋን ኦሮሞ። የትራንስፖርቱን ብር ሲገቡ በእጃቸው ሰጠን። (በባንክ እናስገባለን እንዳትያቸው፣ ማንም አያምንሽም።) «ቅድሚያ የሚሰጠው የምርምር ርዕስ» የሚለውን ጣልነው። «ስለ ስኳራችሁ ጠይቃችሁ የሚያጠግብ መልስ ያጣችሁት ምንድነው?» ነው ያልናቸው። ያን ጊዜ ሰዉ ተናገረ። «ስትሪፕ (የደም ስኳር መለኪያዋን ወረቀት) ይሰጠን» ሲሉሽ ይሄ ጥያቄ አይደለም ብለሽ እንዳታልፊው። ቤቱ ስትሪፕ ያለው ሰውና የሌለው ሰው ስኳራቸው ምን ያህል ይለያያል ብለሽ ብትጽፊው ጥያቄ ሆነ አይደል?

አንዲት እናት «ኢንሱሊኔ ጎረቤት ፍሪጅ ውስጥ ነው። የተጣላን ቀንስ?» ስትል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷ አልሳቀችም። በኋላ ስንፈልግ ኢንሱሊን ያለ ፍሪጅ ይቆያል ወይ የሚለው ለካ ተጠንቷል። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቭ ዩኒቨርሲቲ ኬንያ ዳጋሃሌ የስደተኞች ካምፕ ያለውን ሙቀት ለክተው ኢንሱሊኑን ፈትሸውታል፤ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ ከፍ ዝቅ እያለ ለ4 ሳምንት አቅሙን እንደጠበቀ በ2021 አውጥተውታል። መልስ ስላለው ከዝርዝሩ ወጣ። ግን ለሴትዮዋ የነገራት ሰው አልነበረም። እኔን ያናደደኝ እሱ ነው። እንዲህ ያለውን ለብቻ መዝግቢው፣ ለፋርማሲስቱና ለነርሷ የሚሰጥ ነው።

አንደኛ የወጣው ጾም ነው። ለረመዳንም ለሁዳዴም መድኃኒቱ በስንት ሰዓት፣ በምን መጠን? እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው ያነሳው። አንዷ «ለሐኪሜ አልጾምም እለዋለሁ፣ ግን እጾማለሁ» አለች፣ ብዙዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ይሄንን በመጀመሪያው ቀን፣ ሐኪሟ ፊት፣ ትሞታለች እንጂ አትናገረውም ነበር።

አራተኛም ነበረኝ፣ ስለ ቴፕ ቀረጻ፣ አሁን እጄ ደከመ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

እኚያ ሻይ ያተረፋቸው አባት አሁንም በገበያ ቀን ሲያገኙኝ «ጥያቄያችን ምን ላይ ደረሰ?» ይሉኛል። ሪፖርቱን ያስገባነው እዚያው አምስት ጊዜ ያመላለሰኝ ቢሮ ነው። ደብዳቤ ልታወጪ ስትሄጂ እስቲ እግረ መንገድሽን ጠይቂልኝ።