ስለ ተዳቀለ ማንጎ የጠየቃችሁኝና መልሴ

ባሕር ዳር ላይ ማንጎ ያለበት ግቢ ብዙ ነው። አብዛኛው ግን ከዘር የበቀለ ስለሆነ ክሩ ጥርስ ውስጥ እየገባ ያስቸግራል። አሁን አሁን ሰው ወደ ተዳቀለው፣ ማለትም የጥሩ ዝርያ ቅርንጫፍ በሌላ ማንጎ ግንድ ላይ ወደተቀጠለበት ችግኝ እየዞረ ነው፣ ጥያቄውም በዝቷል። በየተራ ልመልስ።

ከምሳ በኋላ እንደ ጣፋጭ በማንኪያ የሚበላው የትኛው ነው?

ኬንት የሚባለው ዝርያ ነው፣ አትጠራጠሩ። መነሻው አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ነው። ሥጋው እንደ ቅቤ ይለሰልሳል፣ ክር የለውም ማለት ይቻላል፣ ዘሩም ቀጭን ነው። ኪት የሚባለው ትልቅ ነው፣ ዘግይቶ ስለሚደርስ ሌላው ሲያልቅ ይደርስላችኋል። አፕል ማንጎ ክብ ነው፣ ከኬንያ በኩል የታወቀ ዝርያ ነው፣ ጠረኑ ቤቱን ይሞላዋል። ቶሚ አትኪንስ ደግሞ ቆዳው ወፍራም ስለሆነ መንገድ ይችላል፣ ነጋዴ የሚወደውም ለዚህ ነው፤ በጣዕም ግን ኬንትን አያክልም። ለቤታችሁ ከሆነ ኬንት ትከሉ። ለገበያ ካሰባችሁ ቶሚን ቀላቅሉበት።

ጋሼ፣ ኬንቱን በልቼ ዘሩን ብተክለው ያው ኬንት ይወጣልኛል?

አይወጣልሽም፣ እህቴ። ዛፍ ይበቅላል፣ ግን ፍሬው የእናቱን አይመስልም፣ ምክንያቱም አበባው ከሌላ ዛፍ አበባ ዱቄት ይቀበላል። ስለዚህ መጀመሪያ የአገር ቤቱን ማንጎ ዘር እናበቅላለን። ግንዱ እርሳስ ሲያክል አናቱን ቆርጠን መሃሉን በንጹሕ ምላጭ ወደ ታች እንሰነጥቃለን። ከዚያ ከኬንት ዛፍ የተቆረጠ፣ ውፍረቱ ተመሳሳይ የሆነ፣ ጫፉ ላይ ያለው እንቡጥ ያበጠ ግን ገና ያልፈነዳ ቅርንጫፍ እንደ ሽብልቅ እንጠርብና ስንጥቁ ውስጥ እናስገባለን። ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው፦ ከልጣጩ ሥር ያለው አረንጓዴ ሽፋን ቢያንስ በአንድ ጎን ከታችኛው ጋር ልክ መግጠም አለበት፣ ካልገጠመ ይደርቃል። በፕላስቲክ ጥብቅ አድርጎ ማሰር፣ ትንሽ ፌስታል ማልበስ፣ ጥላ ውስጥ ማስቀመጥ። በ3 ወይም በ4 ሳምንት ያቆጠቁጣል። የማንጎ ወተት ቆዳ ያቃጥላል፣ ቶሎ ታጠቡት።

መሬቴ ጣና ዳር ነው፣ ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታል።

እንዲሁ አትትከል። አፈር ቆልለህ ከፍ አድርግና እላዩ ላይ ትከል። ጉድጓዱ በሁሉም ጎን 60 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ ብስባሽ ጨምርበት። የተዳቀለበት ቦታ ከአፈር በላይ መቅረት አለበት። ከዚያ በታች የሚያቆጠቁጠውን ሁሉ ቁረጠው፤ ችላ ካልከው የአገሩ ማንጎ ገንኖ ኬንቱን ያጠፋብሃል።

መቼ ነው የሚያፈራው?

በ3 ወይም በ4 ዓመት። በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት አበባ ካወጣ ቀንጥሱት፣ ችግኙ መጀመሪያ አካል ያውጣ።

ዛፌ ቅጠል ብቻ ሆነ፣ አበባ የለም። ውሃ ግን በየሳምንቱ አጠጣለሁ።

ችግሩ እሱ ራሱ ሊሆን ይችላል። ማንጎ ለማበብ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ጊዜ ይፈልጋል፣ የእኛ አገር በጋ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ለደረሰ ዛፍ ውሃውን ተዉት፣ ዩሪያም አታብዙበት። ፍሬው አተር ሲያክል መልሳችሁ ጀምሩ። ትንንሽ ችግኞችን ግን በበጋ እንዳታስጠሙ፣ ይህ የሚመለከተው የሚያፈራውን ዛፍ ብቻ ነው።

ቅጠሉ ላይ ነጭ ነጭ ነገር ወጥቷል፣ ፍሬውም ሮዝ ነጠብጣብ አለው።

ይሄ ነጩ የማንጎ ተባይ ነው፣ በጣም የሚያሳስበኝም እሱ ነው። አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የታየው በ2010 እ.ኤ.አ. ምሥራቅ ወለጋ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ቦታ ደርሷል። ነጩን በጥፍራችሁ ብትፍቁት ከሥሩ ትንሽ ነፍሳት ታገኛላችሁ፣ እዚያው ተጣብቃ የቅጠሉን ፈሳሽ ትመጥጣለች። ፍሬው ይበላል፣ ነጠብጣቡ ግን ዋጋውን ይጥለዋል። ምርቱ እንዳለቀ የተጠላለፈውን ቅርንጫፍ አሳሱ፣ ብርሃንና አየር ይግባ። የተያዘውን ቅጠል ሰብስባችሁ አቃጥሉ። ዛፉ ትልቅ ከሆነ መድኃኒት ከላይ ድረስ ስለማይዳረስ መግረዙ ይቅደም። ተባዩ ካለበት ግቢ ችግኝም ሆነ ቅጠል ይዛችሁ አትውጡ፣ ለጎረቤት ስትሉ።

ቀይ ማንጎ ገዛሁ፣ ኮምጣጣ ሆነብኝ። ዝርያው ነው?

አይደለም፣ ያለጊዜው ተቀጥፎ ነው። ቶሚ ገና ሳይበስል ይቀላል፣ ኪት ደግሞ በስሎም አረንጓዴ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ በቀለም አትመኑ። ትከሻውን እዩት፦ ፍሬው በተንጠለጠለበት ዘንግ በኩል ያለው ጎን ሞልቶ ዘንጉን አልፎ ከፍ ካለ ደርሷል። ዛፉን አታራግፉ፣ መሬት የመታው ፍሬ ከውስጥ ይጠቁራል። ትንሽ ዘንግ አስቀርታችሁ ቅጠፉ፣ ወተቱ እስኪንጠባጠብ ገልብጡት፣ ከዚያ ካርቶን ውስጥ ከበሰለ ሙዝ ጋር አስቀምጡት። ሳይደርስ የተቀጠፈ ኬንት ግን ምንም ብታደርጉት አይጣፍጥም።

ችግኙን ከየት ልግዛ?

ከየትም ግዙ፣ ቅርንጫፉ የተቆረጠበትን እናት ዛፍ ግን አሳዩኝ በሉ። ከተቻለ ፍሬው ባለበት ሰሞን ሄዳችሁ ቅመሱት። የተዳቀለበት ጠባሳ ግንዱ ላይ በግልጽ መታየት አለበት። ከሌለ ከዘር የበቀለ ነው፣ የተዳቀለ ብላችሁ አትክፈሉበት።