ፖታሲየም ሲያንስ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሌሊት ሌሊት ባቴ ይሸማቀቃል። ፖታሲየም አንሶኝ ይሆን?

መልስ፦ በዚህ ብቻ መናገር አይቻልም፤ ሌሊት ባታቸው የሚሸማቀቅ ብዙ ሰዎች ፖታሲየማቸው (ለጡንቻና ለልብ የሚያስፈልገው ማዕድን) ደህና ነው። የደም ምርመራ ያሠሩ። ጤናማው መጠን በሊትር ከ3.5 እስከ 5.0 ሚሊሞል ነው። ትንሽ ሲወርድ ምንም ላይሰማዎት ይችላል። እየባሰ ሲሄድ የእግር መዛል፣ የሆድ ድርቀትና የልብ ምት መዛባት ይመጣል። ከ2.5 በታች ከሆነ፣ ወይም እግር አልታዘዝ ካለና ራስ ካሳተ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ጥያቄ፦ በደንብ እበላለሁ፤ ከየት መጣ?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ጉድለቱ የሚመጣው ከሰውነት ስለሚወጣ ነው። ተቅማጥ በቀጥታ ያወጣዋል። ትውከት ሲበዛ ደግሞ አብዛኛው የሚጠፋው በሽንት ነው። ለግፊት ወይም ለእብጠት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ወይም ላሲክስ የሚወስዱ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው፤ ግን በራስዎ አያቋርጡት።

ጥያቄ፦ እናቴ የፖታሲየም እንክብል እየወሰደች ቁጥሩ አልነሳ አለ።

መልስ፦ ማግኒዥየሟ (ሌላው ማዕድን) ይለካ። ማግኒዥየም ሲያንስ ኩላሊት ፖታሲየምን መያዝ ያቅተዋል፤ የሰጧትን ያህል በሽንት ይወጣል። ይህ በጣም የሚዘነጋ ነገር ነው። እንክብሉንም ከምግብ ጋር፣ ቁጭ ብላ፣ በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ትዋጠው። ቀስ ብሎ የሚሟሟውን ዓይነት መፍጨት ወይም ማኘክ ጉሮሮና ጨጓራ ያቆስላል።

ጥያቄ፦ ሙዝ አይበቃም?

መልስ፦ መካከለኛ ሙዝ ወደ 400 ሚሊግራም አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ቢያንስ 3,510 ነው። ምስር፣ ባቄላ፣ አቮካዶና ከነልጣጩ የተቀቀለ ድንች ይጨምሩ። ድንቹ ተልጦና ተከትፎ ተቀቅሎ ውኃው ከተደፋ ፖታሲየሙም አብሮ ይደፋል።

ጥያቄ፦ ለተቅማጥ ስኳርና ጨው በውኃ ይበቃል?

መልስ፦ ፖታሲየም የለበትም። ለ1 ሊትር የተዘጋጀው ኦአርኤስ (ለተቅማጥ በውኃ የሚበጠበጠው ዱቄት) 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ አለው። ሙሉውን ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጥብጡት።

ጥያቄ፦ እንክብሉን ከፋርማሲ ገዝቼ ልጀምር?

መልስ፦ አይጀምሩ! በተለይ ኩላሊትዎ ከደከመ፣ ወይም ለግፊት ወይም ለልብ ኢናላፕሪል ወይም ስፓይሮኖላክቶን የሚወስዱ ከሆነ፣ ፖታሲየም ከልክ አልፎ ልብ ሊያቆም ይችላል። በጨው ምትክ የሚሸጠው «ዝቅተኛ ሶዲየም» ጨውም ብዙውን ጊዜ ፖታሲየም ክሎራይድ ስላለበት በዚሁ ይቆጠራል።