አባዬ ጡረታ ወጣ እንጂ ስራ አልፈታም

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ፣ ከደሴ ሆጤ ነው የምፅፈው። አባዬ አስተማሪ ነበር፣ በ60 ዓመቱ ጡረታ ከወጣ ስምንት ዓመት ሆነው ግን ቤት መቀመጥ የሚባል ነገር አያውቅም። ጠዋት የሰፈሩን ውሃ ጉዳይ ይዞ ቀበሌ፣ ከሰዓት የቅሬው (የሰፈሩ እድር) መዝገብ፣ ማታ ደሞ ሰው ቤት የሚሰሩ ልጆችን ፊደል ያስቆጥራል፣ ሰሞኑን ጭራሽ ኮምፒውተር ካልተማርኩ ብሎ ተመዝግቧል። ጉልበቱን ያመዋል፣ የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ። በቃ እረፍ ስንለው ይቆጣል፣ ምን ይሻለናል?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። መጀመሪያ እረፍ ማለቱን ተዉት፣ እኔ በበኩሌ አባትሽን አከብራቸዋለሁ። ዕድሜያቸውን ሳሰላው በ1966 የሃይስኩል ተማሪ ነበሩ ማለት ነው፣ ያኔ የወሎ ገበሬ በረሃብ እያለቀ መንግሥት ሲደብቅ የደሴ ልጅ ግን ከገጠር የሚጎርፈውን የተራበ ሰው መንገድ ላይ በአይኑ እያየ ነው ያደገው፣ በ1967 የእድገት በህብረት ዘመቻ መጣና ተማሪው ገጠር ወረደ፣ ከዛ ቀይ ሽብር ስንቱን እኩያቸውን በላ፣ በ1971 ደሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ዝም ሲባል ምን እንደሚመጣ ያየ ሰው ስለ ቧንቧ ቀበሌ ሄዶ ቢሟገት ጊዜ ማሳለፊያ እንዳይመስልሽ።

ስራውን አታስጥሏቸው፣ ተካፈሏቸው። የቅሬው መዝገብ ያ ጠርዙ ያለቀ፣ በእስክሪብቶ ማን ከፈለ ማን ቀረ የሚፃፍበት ደብተር ነው አይደል? ኮምፒውተር እየተማሩ ስለሆነ አንዱ ልጅ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ እሱኑ ኤክሴል ላይ ይገልብጡት፣ ስሙን እሳቸው ያንብቡ ልጁ ይፃፍ፣ በሳምንቱ ይቀያየሩ። ትምህርቱም ልምምድ ያገኛል፣ ቅሬውም መዝገቡ ቢጠፋ አይቸገርም። ቀበሌ ሲሄዱ አንድ ወጣት አብሯቸው ይሂድ፣ ለማን እንደሚያመለክቱ፣ የደብዳቤውን ቁጥርና ቀን እንዴት እንደሚይዙ ይይ፣ ይሄ ክላስ ውስጥ የማይገኝ ትምህርት ነው በእውነት።

የማታ ተማሪዎቹን ከተቻለ እናንተ ቤት አምጧቸው፣ በክረምት ያንን ጭቃ ዳገት በጨለማ መውጣት ለሳቸው ጉልበት አይሆንም። አሰሪዎቹ ልጆቹን ለአንድ ሰዓት እንዲለቋቸው ማናገር ያንቺ ስራ ይሁን፣ ሴት ለሴት ስትነጋገሩ ይቀላል። ጉልበቱን ግን ሐኪም ይየው፣ ልጆች ከሚሏቸው ይልቅ ሐኪም ሲላቸው ይሰማሉ። ዛሬ ማታ ሲገቡ ደሞ የት ቆየህ አትበያቸው፣ የውሃው ጉዳይ ከምን ደረሰ ብለሽ ጠይቂያቸው።