ስፒናው ስለጋለ መኪናዋን አትሽጪያት

ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ሌሎችም እንዲከታተሉት ጥያቄሽን ባጭሩ ላስቀምጠው። እዚያው ድሬ ታይዋን ገበያ ሱቅ አለሽ። ባለ 30 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ከገዛሽ ሦስት ወር ሆኖሻል። ማታ በ16 አምፔር ስትሰኪያት አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቀይ አብርታ ታቆማለች፤ ስፒናው እጅ ያቃጥላል፣ የተቃጠለ ላስቲክም ይሸታል። ቀን በሐሩሩ ደግሞ ባትሪው ቶሎ ይወርድብሻል። ጎረቤት «ሳትከስሪ ሽጪያት» ይልሻል። ሐረር ደርሳ ትመለስ እንደሆነም ጠይቀሻል።

አቦ፣ አትሽጪያት! በላክሽው ፎቶ ላይ የታመመው ግድግዳው ነው። የቻይናውን ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ስፒና በአዳፕተር፣ አዳፕተሩን በዲቫይደር፣ ዲቫይደሩን በጠቆረ ሶኬት ሰክተሻል። ሦስት ልል መገጣጠሚያ ማለት ነው። ብረት ከብረት በደንብ ካልገጠመ እዚያው ይግላል። አንዱ መገጣጠሚያ ግማሽ ኦም ቢይዝ በ16 አምፔር 128 ዋት ሙቀት ያወጣል፤ ሬዲዮ ጠጋኝ ቆርቆሮ የሚያቀልጥበት ካውያ ብዙ ጊዜ 60 ዋት እንኳ አይሞላም። ቻርጀሩ ሲያጠፋ ቤትሽን ከእሳት እየጠበቀልሽ ነው። ዛሬ ማታ በዚያ ሶኬት እንዳትሰኪያት፤ ሽታ ካለ ውስጡ መቅለጥ ጀምሯል።

ሶኬቱ ከተቀየረ በኋላም ከታች የምነግርሽ አዲስ መስመር እስኪገባ በቻርጀሩ ቁልፍ ወደ 8 አምፔር አውርጂው። ሙቀቱ የሚያድገው በአምፔሩ ካሬ ስለሆነ አምፔሩ በግማሽ ሲቀንስ ሙቀቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ 128 የነበረው 32 ዋት ይሆናል። «ታዲያ ትሞላልኛለች?» ትዪኝ ይሆናል። የትንሽ መኪና በረከቷ እዚህ ላይ ነው። በቀን 30 ኪሎ ሜትር እነዳለሁ ብለሻል። እንዲህ ያለች መኪና ለዚያ ከነማቀዝቀዣዋ 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃታል። በ220 ቮልት 8 አምፔር ማለት 1.76 ኪሎዋት ነው። ማታ አራት ሰዓት ላይ የሰካሻት ሌሊት ሰባት ሰዓት ገደማ የበላችውን መልሳለች። በየቀኑ ከባዶ እንደምትሞላ አድርገሽ አትጨነቂ።

እኔ ሙያውን የተማርኩት ፔጆ 404 ላይ ነው፤ ዛሬም እወዳታለሁ። ግን ቀፊራ ገበያ በር ላይ ባጃጅ ሲተራመስ፣ በቀትር ራዲያተሯ ፈልቶ ስንቴ ክዳን ከፍተን ቆመናል! ያንቺዋ ስትቆም ሞተሯም ይቆማል፤ ፍሬን ስትይዢ ጉልበቱን ወደ ባትሪ ትመልሳለች። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ የሞተር ዘይት የሚባል ወጪ የላትም። እንደ ድሬ ላለ ሜዳና አጭር መንገድ የተሠራች ናት ብል አላጋነንኩም።

ቀን ባትሪው ቶሎ የሚወርደው በማቀዝቀዣው ነው። ማቀዝቀዣ የሚበላው በሰዓት እንጂ በኪሎ ሜትር አይደለም፤ ስለዚህ ቀስ እያልሽ በተጓዝሽ ቁጥር ድርሻው ይበዛል። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር አቁሚያት። ከፀሐይ እንደገባሽም ወዲያው አትሰኪያት፣ ባትሪው ትንሽ ይብረድ።

አሁን ዋናው ሥራ። ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጥሪና ከቆጣሪው ጀምሮ ለመኪናዋ ብቻ የሚሆን መስመር ያስገባልሽ፦ ባለ 4 ካሬ የመዳብ ሽቦ፣ ባለ 20 አምፔር ብሬከር፣ ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ሲያመልጥ በ30 ሚሊአምፔር የሚያጠፋ ሌላ ብሬከር። ሶኬቱ ያለ አዳፕተር ስፒናውን ጥርቅም አድርጎ የሚይዝ ይሁን፤ ዲቫይደር ፈጽሞ አይግባበት። ያን ጊዜ 16 አምፔርም አያስፈራሽም። ኧርዙን (ወደ መሬት የሚገባውን መከላከያ) ግን አደራ! የድሬ መሬት አሸዋና ደረቅ ስለሆነ አጭር ዘንግ መትቶ መሄድ አይበቃም። በጥልቀት ተመትቶ በመለኪያ ይታይ፤ ሳይለካ ገንዘቡን አትክፈይ።

ሐረርን በተመለከተ፣ ባትሪዋ ጤነኛ ከሆነ ደርሳ ትመለሳለች። ድሬ 1,200 ሜትር፣ መንገድሽ ላይ ያለችው ሐረማያ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ከነተሳፋሪው 1,300 ኪሎ የሚመዝን መኪና ያን ያህል ማንሳት ብቻውን 3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ የደንገጎን ዳገት ስትወጪ የባትሪው መቶኛ ቶሎ ቶሎ ሲወርድ አትደንግጪ። ስትመለሺ ግን ሐረር ላይ እስከ 100 እንዳትሞዪያት፤ 80 ይበቃል። ወደ ሙሉ የተጠጋ ባትሪ ቁልቁለት ላይ የሚመለሰውን ጉልበት የሚቀበልበት ቦታ ያንሰዋል፤ ያኔ ብዙውን የሚሸከመው የፍሬን ሸራው ይሆናል።