ስለ ድልድይ ንዝረት ለቀረበው ጥያቄ፦ ሌሊቱን ሳይለኩ «ጉዳት አለ» አይበሉ

ደሴ ውስጥ የአንድ ኮንክሪት ድልድይ የመጀመሪያ ፍሪኩዌንሲ (ድልድዩ በተፈጥሮው በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚነዝር የሚያሳየው ዝቅተኛው ቁጥር) ካለፈው ልኬት በ4 በመቶ ወርዶ ስላገኙት ድልድዩ ተጎድቶ እንደሆነ ለጠየቁን፦ እኔ ኮምቦልቻ ላይ በዚሁ ሥራ ብዙ ተንገላትቻለሁና እርስዎ እንዳይንገላቱ የማውቀውን ልጻፍ።

አንደኛ፣ ሁለቱ ልኬቶች በስንት ሰዓትና በምን ያህል ሙቀት እንደተወሰዱ ሳያረጋግጡ አያወዳድሯቸው። 4 በመቶ ሲወርድ ድልድዩ መታጠፍን የሚቋቋምበት አቅም በ8 በመቶ ገደማ ቀነሰ ማለት ስለሚሆን ያስደነግጣል። ይሁን እንጂ በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ የአላሞሳ ካንየን ድልድይ ፍሪኩዌንሲ ከሙቀት የተነሳ በ24 ሰዓት ውስጥ 5 በመቶ ያህል ተለዋውጧል። በአንጻሩ እዚያው ግዛት በሪዮ ግራንዴ ላይ ሊፈርስ የነበረ የአውራ ጎዳና ድልድይ በ1993 እ.ኤ.አ. የብረት ተሸካሚው ደረጃ በደረጃ ሲቆረጥ፣ ፍሪኩዌንሲው በግልጽ የወረደው በመጨረሻው ቁርጥ ነበር። ስለዚህ 4 በመቶ መውረዱ ብቻውን ጉዳት መኖሩን አያሳይም።

ሁለተኛ፣ ሌሊቱንም ይለኩ። እኛን ያለ አግባብ ያደከመን ይህ ነው። ድልድዩን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት መሣሪያችን ከሥራ ሰዓት ውጭ እንዳይቆይ ከለከለ፤ ኃላፊው ደብዳቤያችንን ሳያነብ ወደ ጠረጴዛው ጥግ ገፍቶ «ድልድይ ሲመሽ ሌላ ድልድይ አይሆንም» አለን። በቀን መረጃ ብቻ የማስጠንቀቂያ ወሰን ብናወጣ ኖሮ የንጋቱ ብርድ ፍሪኩዌንሲውን ከፍ ስለሚያደርገው ጤነኛው ድልድይ በየማለዳው ከወሰኑ በወጣ ነበር። ከበላይ አካል ዘንድ ተመላልሼ ፈቃዱን አስገኘሁ፤ የሌሊቱ መረጃም ያልኩትን አረጋገጠ፤ በዚህ እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

መረጃው ሲሟላ ፍሪኩዌንሲውን ከሙቀቱ ጋር በሪግሬሽን (ሙቀቱ ሲለወጥ ፍሪኩዌንሲው በስንት እንደሚለወጥ በሚያሰላ ስሌት) አያይዘው፣ ሙቀት ያላብራራውን ቀሪ ልዩነት ብቻ በኮንትሮል ቻርት (ልኬቶች ከተቀመጠላቸው ወሰን መውጣታቸውን በሚያሳይ ሰንጠረዥ) ይከታተሉ። የአየሩ ሙቀት አይበቃምና የአስፋልቱንም የኮንክሪቱንም የውስጥ ሙቀት ይለኩ። ወሰኑን 3 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ልኬቶች ከአማካያቸው የሚራራቁበት መለኪያ) ላይ ቢያደርጉትም እንኳ፣ በየ10 ደቂቃው ከለኩ ጤነኛ ድልድይ በሁለት ቀን ተኩል ገደማ አንዴ የሐሰት ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ስለዚህ በአንድ ነጥብ ሳይሆን በተከታታይ በሚወጡ ነጥቦች ይፍረዱ። ከጅቡቲ የሚመጣ ተሳቢ በላዩ ሳለ ክብደቱ ፍሪኩዌንሲውን ስለሚለውጥ፣ ካለፈ በኋላ ያለውን ነጻ ንዝረት ብቻ ይውሰዱ።

ፈቃድ ሲጠይቁ ደግሞ «24 ሰዓት» የሚለው በደብዳቤው ላይ በግልጽ እንዲጻፍ ያድርጉ፤ እኔ በቃል የተሰጠኝን ፈቃድ ጥበቃው በመጀመሪያው ምሽት አልተቀበለኝም።