«እኔ ማንን ነው የምመስለው?»

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ልጃችንን በጉዲፈቻ የወሰድናት ገና ድክ ድክ ሳትል ነው። አሁን 15 ዓመቷ ነው። ነገሩን ከትንሽነቷ ጀምሮ ታውቃለች፤ ደብቀናት አናውቅም። በቀደም ግን መምህሯ «ዘራችሁን እስከ ሰባት ቤት ቆጥራችሁ ኑ» ብለው የቤት ሥራ ሰጡ። ባለቤቴ የራሱን ቆጠረላት። አዳምጣ አዳምጣ «ይሄ የአባዬ ነው፤ የእኔስ? እኔ ማንን ነው የምመስለው?» አለች። የወላጅ እናቷን ስም ከወረቀቶቹ ላይ አይታ ይዛዋለች፤ ጣና ዳር ዘጌ መወለዷንም ታውቃለች። አሁን ማታ ማታ በፌስቡክ ትፈልጋታለች። ባለቤቴ «ስልኩን ቀሚያት፤ ከሄደች አትመለስም» ይላል። እኔ ደግሞ ምን አጎደልኩባት እያልኩ ሆዴ ይባባል። ምን ይመክሩኛል?
የሽምብጧ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ምንም አላጎደልሽባትም። በሥራ ዘመኔ ከሕፃናት ማሳደጊያ የወጡ ልጆችን እከታተል ነበር። ብዙዎቹ ይህን ጥያቄ ውጠው የሚይዙት አሳዳጊዎቻቸው እንዳይከፋቸው ብለው ነው። ያንቺ ልጅ ፊት ለፊት ጠየቀች። እኔን የምታሳስበኝ ዝም ያለችዋ ናት።

ጥያቄው ደግሞ የጉርምስና ቅብጠት አይደለም። እኛ አገር ጋብቻ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዘር ነው። ነገ አንድ የዘጌ ልጅ ብትወድ፣ ሰባት ቤቱ የሚቆጠረው በወለዷት በኩል ነው። ሕጉም ይህን ያውቃል። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 183 ላይ ጉዲፈቻ የተደረገ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ትስስር አይቋረጥም ይላል። ምርጫ የግድ ሲሆን ደግሞ የጉዲፈቻው ቤተሰብ ይቀድማል ይላል። ክልላችን የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው የፍርድ ቤት ጉዳይ ከገጠማችሁ እሱን ነው የምታዩት። ግን ይቺን አንቀጽ ለባለቤትሽ አንብቢለት፤ ትንሽ ቀለል ይለው ይሆናል።

ስልኩን አትቀሟት። ከቀማችኋት በጓደኛዋ ስልክ ትፈልጋለች፤ ያኔ እናንተ አታዩትም። ፌስቡክ ላይ ብቻዋን መዋሏም ግን አልወደድኩትም። በአንድ ስም ስንት ሴት አለ! የማታውቃት ሴት «እናትሽ ነኝ፣ ብር ላኪልኝ» ብትላትስ? እውነተኛዋ እናት ብትገኝም ምናልባት አግብታለች፣ ባሏ ነገሩን አያውቅም፤ መልእክቱ እሱ እጅ ቢገባ ትዳሯ ይናጋል። ይህን ለልጅሽ እንደ ትልቅ ሰው አስረጃት። «ፍለጋውን አብረን እናድርገው፤ አንቺ ብቻ በዚህ በኩል አትጻፊ» በያት። ቃል ከሰጠሽ ግን ዓመት ሙሉ «ቆይ» እያልሽ አታጉላያት።

አንድ ቅዳሜ ቡና አፍሉና ፋይሉን አውጡት። የፍርድ ቤቱን ውሳኔ፣ የቀበሌውን ደብዳቤ፣ ፎቶ ካለ ፎቶውን። እሷ ራሷ ታንብበው። የእናቷ ስም ከአባቷና ከአያቷ ስም ጋር ከተጻፈ እኮ ቆጠራው ተጀምሯል! ወረቀት ከጎደለ ጉዲፈቻውን ያጸደቀው ፍርድ ቤት መዝገብ አለው።

እሷ ስትጠይቅሽ ታሪክ አታሳምሪ። «እናትሽ በጣም ስለምትወድሽ ነው የሰጠችሽ» የሚሉ አሉ፤ እኔ ይህን አባባል አልወደውም። ልጅቷ የሚወድ ሰው አሳልፎ ይሰጣል ማለት ነው ብላ ልትይዘው ትችላለች፤ እናንተም ትወዷታላችሁ። ወረቀቱ ላይ ያለውን ንገሪያት፣ የሌለውን «አላውቅም» በያት።

«ማንን ነው የምመስለው» ስትልሽ ደግሞ «እኔን ነዋ!» ብለሽ አትቅደሚያት። ሳቋ ያንቺ ሊሆን ይችላል፤ እሷ ግን የምትጠይቀው ስለ ግንባሯ ነው። አንዲት የምከታተላት ልጅ ትዝ ትለኛለች። የአክስቷ ፎቶ ሲመጣላት ፊቷን አላየችም፤ ሲኒ የያዘውን እጇን አጉልታ ትንሿን ጣት ነው ያየችው። ጠመም ያለች ናት፤ የልጅቷም እንደዚያው። «በቃ፣ ይሄው» አለችና ስልኩን መለሰችልኝ። ለወራት ሌላ ነገር አልጠየቀችም።

ዘጌን በተመለከተ፣ ማንንም ሳትፈልጉ አገሩን ብቻ አሳዩዋት። የዘጌን ገዳም ከመሠረቱት ከጻድቁ አቡነ በትረ ማርያም ዘመን ጀምሮ በሬ የማይጠመድበት፣ ሰው በቡና የሚኖርበት ምድር መሆኑን ትስማ። ጫካው ውስጥ ትዙር፣ ከዚያው ቡና ትጠጣ። ተወለድኩበት የምትለውን ቦታ በእግሯ ትርገጠው።

ዘመድ ፍለጋው ሌላ ቀን ነው፤ የመጀመሪያውን ጊዜ እሷ ባትኖር ይሻላል። የንግሥ ቀን አይሁን። ጀልባ ወደቡ ላይ ስም እየጠራችሁ አትጠይቁ፤ አገሩ ጠባብ ነው፣ ወሬው ከእናንተ ቀድሞ ይደርሳል። አንድ አስተዋይ ቄስ ወይም ሽማግሌ ያዙ፤ እሳቸው እናቲቱን ለብቻዋ ያናግሯት። እምቢ ካለች ለልጅሽ እንዳለ ንገሯት፤ ለዛሬ እምቢ ብላለች በሏት። ያን ቀን ትምህርት ቤት ባትሄድም ምንም አይደለም።

ሽማግሌውን ለማናገር ባለቤትሽ ይሂድ። ቤት ተቀምጦ «ትሄድብናለች» እያለ ከሚብሰለሰል እሱ ቢጀምረው ይሻላል፤ ልጅቷም አባቷ እንደሄደላት ታውቃለች።